አንድ ነጥብ አንድ ለሁሉም እኩል አይደለም

አዋሽ ሰባትም ሆነ ሰመራ ላይ ደሙን ሰጥቶ ኩላሊቱን ያስመረመረ ሰው የሚቀበለው ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ ዩሪያና ክሪያቲኒን የሚባሉ ሁለት ቁጥሮችን የያዘ ነው። ከቁጥሮቹ ጎን ጤነኛ የሚባለው ወሰን ተጽፏል። ለክሪያቲኒን ይህ ወሰን እንደየላቦራቶሪው ትንሽ ቢለያይም ከ0.6 እስከ 1.3 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር አካባቢ ነው። ቁጥሩ በወሰኑ ውስጥ ካረፈ «ኩላሊትህ ኖርማል ነው» ይባላል፤ ወረቀቱም ታጥፎ ኪስ ይገባል። እኔ የምለው ይህ አነባበብ በብዙ ሰው ላይ ስህተት መሆኑን ነው፤ በአዋሽ ሸለቆ ቆላ ደግሞ ስህተቱ ይብሳል። የክሪያቲኒን ቁጥር ብቻውን ከላቦራቶሪ መውጣት የለበትም። ከታካሚው ዕድሜና ጾታ ጋር ተሰልቶ፣ ኩላሊቱ በደቂቃ ምን ያህል እንደሚያጣራ የሚገምት ሌላ ቁጥር አብሮት መውጣት አለበት። ለዚህ ተጨማሪ ደም፣ ተጨማሪ ኬሚካል ወይም አዲስ ማሽን አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው አንድ ስሌት ነው።

ክሪያቲኒን የሚመነጨው ከጡንቻ ነው። ጡንቻ ለሥራው የሚጠቀምበት ክሪያቲን የተባለ ንጥረ ነገር በየቀኑ በጥቂቱ ይፈርስና ክሪያቲኒን ሆኖ ወደ ደም ይገባል፤ ሰውነት ስለማይፈልገው ኩላሊት አጣርቶ በሽንት ያስወጣዋል። እያንዳንዱ ኩላሊት አንድ ሚሊዮን ያህል ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉት። በጤነኛ ወጣት ሁለቱ ኩላሊቶች በደቂቃ 120 ሚሊ ሊትር ገደማ ፈሳሽ ከደም ያጣራሉ፤ በቀን ሲሰላ 170 ሊትር ያህል ይሆናል፤ ከዚህም አብዛኛው ተመልሶ ወደ ደም ይገባል። ሐኪም ማወቅ የሚፈልገው ይህን የማጣራት መጠን ነው። ክሪያቲኒን ግን ከጡንቻ በሚገባውና በኩላሊት በሚወጣው መካከል ያለ ሚዛን እንጂ የማጣራት መጠን አይደለም። የአዋሽን ውኃ ከፍታ በድልድይ ምሰሶ ላይ አንብቦ በሰከንድ ስንት ውኃ እንደሚያልፍ መናገር አይቻልም፤ የወንዙን ስፋት ማወቅ የግድ ነው። ለክሪያቲኒን ስፋቱ የሰውየው ጡንቻ ነው፤ ጡንቻ ደግሞ በዕድሜ፣ በጾታ፣ በሥራና በምግብ ይለያያል። ሌላም ችግር አለ፤ በክሪያቲኒንና በኩላሊት አቅም መካከል ያለው ግንኙነት የተገላቢጦሽ ነው። ክብደቱና ጡንቻው ያልተለወጠ ሰው ክሪያቲኒኑ ከ0.6 ወደ 1.2 ከወጣ የማጣራት አቅሙ በግማሽ ያህል ወርዷል ማለት ነው፤ ሁለቱም ቁጥሮች ግን በወሰኑ ውስጥ ስላሉ ማንም ምልክት አያደርግባቸውም። ትልቁ ጉዳት የሚደርሰው ቁጥሩ ጸጥ ባለበት ጊዜ ነው፤ ቁጥሩ መጮኽ ሲጀምር የቀረው አቅም ጥቂት ነው።

ሁለት ሰዎችን በምሳሌ እናስላ። አንደኛው በጅቡቲ መስመር ጭነት የሚያወርድ የ25 ዓመት ወጣት ነው፤ ክብደቱ 75 ኪሎ። ሁለተኛዋ የ70 ዓመት አርብቶ አደር እናት ናቸው፤ ክብደታቸው 42 ኪሎ። የሁለቱም ክሪያቲኒን 1.1 ሆነ እንበል። ዛሬ በዓለም ላይ በሰፊው በሚሠራበት፣ እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው ሲኬዲ-ኢፒአይ በሚባለው ቀመር ሲሰላ የወጣቱ የማጣራት መጠን 96 ገደማ፣ የእናት ደግሞ 54 ገደማ ይሆናል። ከ60 በታች የሆነ ውጤት ከሦስት ወር በላይ ከቆየ ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም ተብሎ ይመዘገባል። ክብደትን በሚጨምረው በጥንቱ የኮክሮፍትና ጎልት ቀመር ደግሞ ወጣቱ ወደ 109 ሲወጣ እናት ወደ 32 ይወርዳሉ። ሁለቱ ቀመሮች የሚለኩት ነገር ፍጹም አንድ ስላልሆነ ልዩነቱ ሁሉ ስህተት ነው አልልም፤ አዲሱ ውጤቱን ለመካከለኛ የሰውነት ስፋት አስተካክሎ ይሰጣል፤ ጥንታዊው ግን ያለችውን ሴት እንዳለች ይወስዳል። ነገር ግን በሁለቱም መንገድ ወጣቱ ጤነኛ፣ እናት ደግሞ ክትትል የሚያስፈልጋቸው ናቸው። የላቦራቶሪው ወረቀት ለሁለቱም የሰጠው መልስ አንድ ነበር፦ ኖርማል።

ይህ የወረቀት ላይ ጨዋታ እንዳልሆነ በአገራችን የተደረገ ጥናት ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣ፣ በቡታጅራ ሆስፒታል የሚታከሙ 214 የስኳር ሕሙማንን ባየ ጥናት የማጣራት መጠናቸው ከ60 በታች የሆነው በአንደኛው ቀመር 18.2 በመቶ፣ በሌላኛው 23.8 በመቶ ነበሩ። ክሪያቲኒናቸው ብቻውን ታይቶ ከፍ ያለ የሆነው ግን ከአሥር አንድ ያህሉ ነበሩ። ክሪያቲኒንን ብቻ የሚያይ ሐኪም ኩላሊታቸው ከደከመው ሕሙማን ግማሽ ያህሉን «ደህና ናችሁ» ብሎ ይሸኛል ማለት ነው። ቡታጅራ ደጋ ቀመስ ናት፤ ሕዝቧም ከአፋር አርብቶ አደር የተለየ ምግብና ሥራ አለው። ነገር ግን በጥናቱ የታየው ክፍተት የመጣው ቁጥሩ ከተነበበበት መንገድ ስለሆነ፣ ሰውነቱ ይበልጥ ቀጭን በሆነ ሕዝብ መካከል ክፍተቱ ይጠባል ብሎ ለማሰብ ምክንያት አላይም።

እዚህ ላይ የሚነሳው ተቃውሞ ከባድ ነው፤ በቁም ነገር መመለስም ይገባዋል። ቀመሮቹ የተሠሩት ከማን አካል ነው? ኮክሮፍትና ጎልት እ.ኤ.አ. በ1976 ቀመራቸውን ያወጡት ካናዳ ውስጥ ከ249 ሕሙማን ነው፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም ወንዶች ነበሩ። ሴት ስትሆን በ0.85 አባዛ የሚለው በጥናቱ የተለካ ሳይሆን የታሰበ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የመጣው ኤምዲአርዲ የተባለው ቀመር የተሠራው ከ1,628 አሜሪካውያን የኩላሊት ሕሙማን ነው። እሱም፣ በ2009 የተከተለው ሲኬዲ-ኢፒአይም ታካሚው ጥቁር ከሆነ ውጤቱን ከፍ የሚያደርግ ማባዣ ነበራቸው፤ በ2009ኙ ቀመር ማባዣው 1.159 ነው። ምክንያቱ ጥቁር አሜሪካውያን በአማካይ ከፍ ያለ ክሪያቲኒን ነበራቸው የሚል ነበር። ቀመሩ አፍሪካ ሲደርስ ማባዣውም አብሮ መጣ፤ በቦስተን ያለ ሰው ልክ ለአይሳኢታ አርብቶ አደር ተሰፋ። የእነዚያን የ70 ዓመት እናት ውጤት በ2009ኙ ቀመር ብናሰላው ያለ ማባዣው 51፣ ከማባዣው ጋር 59 ይሆናል። በቆዳ ቀለም ብቻ ስምንት ነጥብ የኩላሊት አቅም ተጨመረላቸው ማለት ነው፤ ኩላሊታቸው ግን ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ማባዣው ከነጭራሹ ወጣ፤ መውጣቱም ተገቢ ነበር። አሮጌ ሶፍትዌር የሚጠቀም ላቦራቶሪ ካለ የትኛውን ቀመር እንደሚያሰላ መጠየቅና ማባዣውን ማጥፋት ይኖርበታል።

ታዲያ ቀመሩ ለእኛ ካልተሠራ ለምን እንጠቀምበታለን? እ.ኤ.አ. በ2022 በማላዊ፣ በደቡብ አፍሪካና በኡጋንዳ የተደረገ ትልቅ ጥናት የሰዎችን የማጣራት መጠን አዮሄክሶል የተባለ ንጥረ ነገር በደም ሥር ሰጥቶ በቀጥታ ለካ፤ ከቀመሮቹ ግምት ጋርም አስተያየ። በክሪያቲኒን ላይ የተመሠረቱት ቀመሮች በአብዛኛው የኩላሊትን አቅም ከእውነተኛው ከፍ አድርገው ይገምቱ ነበር። ከጡንቻ ማነስ ጋር አያይዞ ለሚያስብ ሰው ይህ አያስገርምም፤ ጡንቻው ያነሰ ሰው ክሪያቲኒኑ ዝቅ ስለሚል ኩላሊቱ ጠንካራ ይመስላል። ብዙዎች ከዚህ የሚያወጡት መደምደሚያ ቀመሩ ከንቱ ነው የሚል ነው፤ ለእኔ ግን ተቃራኒው ነው የሚታየኝ። የቀመሩ ስህተት የሚያደላበት አቅጣጫ ከታወቀ በስህተቱ መጠቀም ይቻላል። ከስቶ በመጣ አርብቶ አደር ላይ 70 የሚል ግምት ምናልባት 55 ሊሆን እንደሚችል የሚያውቅ ሐኪም፣ «1.1 ኖርማል ነው» ብሎ ከሚያልፍ ሐኪም የተሻለ ቦታ ላይ ነው ያለው። ደረቁ ክሪያቲኒንም ቢሆን ከባዕድ አካል የተለካ ወሰን ነው ከጎኑ የተጻፈለት፤ ያ ወሰን ለአፋር እናቶች ተብሎ አልተሰፈረም። ስለዚህ ምርጫው ባለስህተት ግምትንና ስህተት የሌለበትን እውነት ማወዳደር አይደለም፤ ስህተቱ የታወቀ ግምትንና ስህተቱ የተደበቀ ቁጥርን ማወዳደር ነው።

ሌላ ተቃውሞም ከአካባቢው ይመጣል። ቀመሩ ዕድሜ ይጠይቃል፤ ብዙ አርብቶ አደር ደግሞ የልደት ወረቀት የለውም። ይሁን እንጂ ዕድሜን በታወቀ ዘመን መገመት ይቻላል፤ «በ1966ቱ ድርቅ ልጅ ነበርክ ወይስ አግብተህ ነበር?» ተብሎ ሊጠየቅ ይችላል፤ የ1977ቱም እንደዚያው። ከዚህ የሚወጣው ግምት አሥር ዓመት ቢሳሳት እንኳ በ2021ዱ ቀመር ውጤቱን የሚለውጠው በ6 በመቶ ያህል ነው። 54 የነበረው 51 ወይም 57 ይሆናል። ዕድሜ ጨርሶ አለመጠየቅ ከዚህ እጅግ የበለጠ ያሳስታል።

ግምቱን እንደ እውነት የሚቆጥር ሰው ግን በሌላው በኩል ይሳሳታል፤ ከሁሉ በላይ በአፋር ሙቀት። ሰመራ ላይ በግንቦትና በሰኔ ከ40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ማለፉ የተለመደ ነው። በጠራራ ፀሐይ ረጅም መንገድ ተጉዞ፣ ውኃ ሳይጠጣ ጤና ጣቢያ የደረሰ ሰው ደሙ ስለቀነሰና ኩላሊቱ ጋ የሚደርሰው ደም ስላነሰ ክሪያቲኒኑ ከፍ ሊል ይችላል፤ ውኃ ጠጥቶ ካረፈ በኋላ ይመለሳል። በረመዳን ቀኑን ሙሉ የጾመ ሰው ከሰዓት በኋላ የሰጠው ደምም በዚህ ዓይን መታየት አለበት። ሥጋም ቁጥሩን ያነሣል፤ የበሰለ ሥጋ ውስጥ ክሪያቲኒን ስላለ ከምርመራው በፊት 12 ሰዓት ያህል ሥጋ አለመብላት ይመከራል። ፍየል የታረደበት ድግስ ማግስት የተወሰደ ደም ባለቤቱን በከንቱ ሊያስደነግጥ ይችላል። ናሙናውም ሌላ ጉዳይ ነው። በአብዛኞቹ ርካሽ መመርመሪያዎች የሚሠራበት ዘዴ ጀርመናዊው ማክስ ያፌ እ.ኤ.አ. በ1886 ያገኘው ነው፤ ክሪያቲኒን ከፒክሪክ አሲድ ጋር ሲገናኝ ብርቱካንማ ቀለም ይሰጣል፤ የቀለሙ ጥልቀት ይለካል። ነገር ግን ያንን ቀለም የሚሰጥ ክሪያቲኒን ብቻ አይደለም። ከፍ ያለ ስኳርና በስኳር ሕመም ጊዜ የሚፈጠረው ኪቶን ቁጥሩን ያዛባሉ፤ ደሙ ሳይለይ በሙቀት ውስጥ ብዙ ሰዓት ከቆየም ይዛባል። ከሩቅ ቀበሌ ወደ ዱብቲ ወይም ወደ ሰመራ የሚላክ ናሙና ካለ ሴረሙ በዚያው ተለይቶ ቀዝቅዞ መጓዝ አለበት።

መድኃኒትም ኩላሊቱን ሳይጎዳ ቁጥሩን ብቻ ሊያነሣ ይችላል። በኤችአይቪ ሕክምና ውስጥ በሰፊው የሚሰጠው ዶሉቴግራቪር ክሪያቲኒን በኩላሊት ቱቦዎች በኩል የሚወጣበትን አንድ መንገድ ስለሚዘጋ ቁጥሩ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትንሽ ይወጣል፤ የማጣራት አቅሙ ግን አልቀነሰም። ባክትሪምም እንዲሁ ያደርጋል። እነዚህን የማያውቅ ባለሙያ መድኃኒቱን ያቋርጣል፤ ጉዳቱ ያኔ እውነተኛ ይሆናል። በሌላ በኩል አብሮት የሚሰጠው ቴኖፎቪር አንዳንዴ ኩላሊትን በእውነት ስለሚጎዳ የማጣራት መጠን ከ50 በታች ሲወርድ መጠኑን ማስተካከል ወይም መድኃኒቱን መለወጥ ያስፈልጋል። ሁለቱ መድኃኒቶች ብዙ ጊዜ በአንድ ክኒን ውስጥ ይገኛሉ፤ አንደኛው በሐሰት ያስፈራል፣ ሌላኛው በእውነት ሊያስፈራ ይገባል። ሁለቱን ለመለየት ከሕክምናው በፊት የተለካ የመነሻ ቁጥር ያስፈልጋል። ለዚያም ነው ሕሙማን አሮጌ ወረቀታቸውን እንዳይጥሉ የምመክረው፤ የሰው የቀድሞ ቁጥሩ ከማንኛውም የመጽሐፍ ወሰን የበለጠ ይናገራል።

በአዋሽ ሸለቆ ለዚህ ምርመራ ልዩ ትርጉም የሚሰጥ ሌላ ነገር አለ። ከመተሐራ ጀምሮ በከሰምና በአሚባራ አልፎ እስከ ተንዳሆ ድረስ ሸንኮራ አገዳና ጥጥ በመስኖ ይለማል፤ ሥራው በፀሐይ ውስጥ የሚከናወን ከባድ የጉልበት ሥራ ነው። በመካከለኛው አሜሪካ፣ በኤል ሳልቫዶርና በኒካራጓ፣ ስኳርም ግፊትም የሌለባቸው ወጣት አገዳ ቆራጮች ኩላሊታቸው እየጠፋ መሞታቸው እ.ኤ.አ. ከ2002 ወዲህ በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግቧል። ተመራማሪዎች በየመንደሩ ዞረው ክሪያቲኒን እየለኩና የማጣራት መጠኑን እየገመቱ የሕመሙን ስፋት አወቁ፤ ሙቀትና የውኃ ጥም ዋና ተጠርጣሪዎች ናቸው፤ ውኃ፣ ዕረፍትና ጥላ የሚል የመከላከያ ፕሮግራምም ተዘርግቷል። እዚህ ላሉ ሠራተኞች የሚደረገው የጤና ምርመራ ላይ አንድ የተሰላ ቁጥር መጨመር ለአሠሪው የሚያስከፍለው ነገር ጥቂት ነው። ወጣት ሠራተኛ ጡንቻማ ስለሆነ ክሪያቲኒኑ ከወሰኑ ትንሽ ወጣ ብሎ ኩላሊቱ ጤነኛ ሊሆን ይችላል፤ ለዚህም ቢሆን መልሱ በየዓመቱ መለካትና ከራሱ ቁጥር ጋር ማስተያየት ነው።

«ሰው ቢያውቅስ ምን ያደርጋል?» የሚለው ተቃውሞ ከሁሉም ይበልጥ ያሳስበኛል። የኩላሊት እጥበት ውድ ነው፤ ንቅለ ተከላ በአገራችን የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ በአዲስ አበባው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ነው፤ ሰመራ ከዚያ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ይህን የሚል ሰው የሚያስበው ስለ መጨረሻው ደረጃ ነው፤ ከ15 በታች ስለወረደ ኩላሊት። የማጣራት መጠኑ 50 ወይም 40 ላይ ያለ ሰው ግን እጥበት አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው ቀላልና በየከተማው የሚገኝ ነገር ነው። ግፊቱ ይስተካከል፤ ሽንቱ ውስጥ ፕሮቲን ካለ እንደ ኢናላፕሪል ያለ መድኃኒት ኩላሊቱን ይጠብቅለታል። ስኳር ካለበት ሜትፎርሚን ከ45 በታች መጠኑ ይታያል፤ ከ30 በታች ይቆማል። ከሁሉም በፊት ለወገብና ለመገጣጠሚያ ሕመም ያለ ማዘዣ የሚገዛው ዳይክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን ይቅር። በውኃ ጥም ላይ እነዚህን ክኒኖች መዋጥ ደክሞ ለነበረ ኩላሊት አደገኛ ነው፤ ለሾፌሮችና ለጉልበት ሠራተኞች ደግሞ በቀላሉ የሚገኙት እነዚሁ ናቸው። እጥበት ሩቅ በሆነበት ቦታ ቀድሞ ማወቅ ከአዲስ አበባ ይልቅ ያስፈልጋል፤ ርቀቱ ራሱ መከራከሪያዬን ያጠነክረዋል።

አረጋውያንን ሁሉ ሕመምተኛ ታደርጋላችሁ የሚሉም አሉ። የማጣራት መጠን በዕድሜ እንደሚቀንስ እውነት ነው፤ የ80 ዓመት አዛውንት 55 ቢሆኑና ሽንታቸው ንጹሕ ቢሆን ብዙም የሚያሰጋ ነገር የለም። ለዚህ ነው ግምቱ ከሽንት ምርመራ ጋር መነበብ ያለበት። በሽንት ውስጥ ያለው አልቡሚን ከክሪያቲኒኑ ጋር ሲነጻጸር ከ30 ሚሊ ግራም በግራም በላይ ከሆነ የማጣራት መጠኑ 90 ቢሆንም ኩላሊቱ እየተጎዳ መሆኑን ያመለክታል፤ ይህ መመርመሪያ በማይገኝበት ጤና ጣቢያ የሽንት ስትሪፕ ቢያንስ ብዙ ፕሮቲን መኖሩን ይይዛል። አንድ ውጤት አይበቃም፤ ጉዳዩ አስቸኳይ ካልሆነ ሰውየው ውኃ ጠጥቶ፣ ሥጋ ሳይበላ፣ በጠዋት ደም ይሰጥ፤ ከሦስት ወር በኋላም ይደገም። ጡንቻው እጅግ ያነሰ ወይም አካሉን ያጣ ሰው ላይ ሐኪሙ ውሳኔ ለመስጠት ከተቸገረ ሲስታቲን ሲ የተባለ፣ ከጡንቻ ጋር ብዙም የማይያያዝ ሌላ ምርመራ አለ፤ በትልልቅ ከተሞችም ቢሆን በቀላሉ የማይገኝ ስለሆነ ለሁሉም ማዘዝ አያስፈልግም።

ላቦራቶሪው ማሽኑ ካላሰላለት ቀመሩን በስልክ ወይም በኮምፒውተር ማስላት ይችላል፤ ወረቀቱ ላይ ክሪያቲኒኑ፣ ዕድሜው፣ ጾታው፣ ክብደቱ፣ የቀመሩ ስምና የተገመተው መጠን ይጻፍ። ክብደቱ የሚጻፈው ለመድኃኒት መጠን ሐኪሙ የኮክሮፍትና ጎልትን ስሌት ሊያስፈልገው ስለሚችል ነው። በጅቡቲ መስመር የሚመላለስ ሾፌር አዋሽ ላይ አንድ ጊዜ፣ ሎጊያ ላይ ሌላ ጊዜ ሊመረመር ይችላል፤ ማሽኖቹ ይለያያሉ፤ ዘዴዎቹም ይለያያሉ። ሁለቱን ወረቀቶች አንድ ላይ ይዞ ለሐኪሙ ካሳየ ከአንድ ዓመት በፊት 88 የነበረው ዛሬ 61 መሆኑ ይታያል፤ ለየብቻ ቢታዩ ግን ይህ መውረድ ከዓይን ሊያመልጥ ይችላል።